የዳኮታዋ ዳሽቦርድ

ጂን መኖሩን አልክድም፣ ቁርአን ላይ ያለውን ማን ይክዳል፣ ግን ሰው ቤት እየገባ ድስት ያንኳኳል፣ ልብስ ይደብቃል፣ በመስኮት ስም ይጠራል የሚሉትን ወሬ ስሰማ ሁሌም የምስቅ ሰው ነኝ። ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው። የሰው አጥንት ማየት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰው ውስጥ ይገኛል የሚባለውን ሁሉ አይቻለሁ፣ የተዋጠ ሳንቲም፣ ተሰብሮ የቀረ መርፌ፣ አንዴ እንዲያውም የበር ቁልፍ፣ ግን አንድም ቀን «ይኼስ ከየት መጣ?» ብዬ ያደርኩበት ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ሰዓዳ «ለማንም አትንገር፣ ኑሩ አበደ ነው የሚሉህ» ብላኛለች። ይበሉኝ። የሆነውን ነው የማወራው።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው፣ የምሠራው እዚያው ከተማ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ከሥራ ውጭ ያለችኝ ሱስ አንዲት ናት፣ አውሮፕላን መሥራት። አትሳቁብኝ። የማይበር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ትንሽ አውሮፕላን ማለቴ ነው። ፋብሪካ ቆራርጦ በካርቶን የሚሸጠው፣ ገጣጥማችሁ የምትጨርሱት ዓይነት እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔ ግን ሁሉንም ከምንም ነው የምሠራው፣ ከለስላሳ ቆርቆሮ፣ ከካርቶን፣ ከእስክሪብቶ ቀፎ፣ ከተቃጠለ ቻርጀር ሽቦ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር፣ አንድ ቀን ቆማ በነበረች ዳኮታ በምትባል የድሮ አውሮፕላን ውስጥ ፓይለቱ ወንበሩ ላይ አስቀምጦት ነበር አሉ፣ እስኪሞት ድረስ ያንን ወንበር ሲያወራ ነው የኖረው፣ ፊት ለፊቱ ስንት ጌጅ፣ ቁጥርና ቀስት ያለው ክብ መለኪያ፣ እንደነበረ፣ መሪው እጁ ላይ እንዴት እንደከበደው። እኔም አንድ ቀን ሆዷ ባዶ ያልሆነ ዳኮታ እሠራለሁ፣ በመስታወቷ አጮልቆ የሚያይ ሰው አባቴ ያየውን ሁሉ ያያል ብዬ ተነሳሁ።

አምስት ወር ፈጀብኝ፣ እመኑኝ፣ የፓይለቱን ክፍል ብቻ። አውሮፕላኗ ከክንድ ተኩል ትንሽ ትበልጣለች፣ የፓይለቱ ክፍል ግን ከጡጫዬ ብዙም አይበልጥም፣ እዚያች ውስጥ ሁለት ወንበር፣ ቀበቶአቸው ከፕላስተር የተቀደደ፣ ሁለት መሪ ከመዳብ ሽቦ የተጠመዘዘ፣ በመሀል የሞተሩ ማንሻዎች፣ ጫፋቸው ላይ የስፒል ራስ ቀይና ነጭ ቀብቼ፣ ሁሉንም በወረንጦ እየያዝኩ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አንዷ ከእጄ ካመለጠች ምንጣፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ እየፈለግኩ። ሰዓዳ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ታገኘኝና «ዛሬስ ፓይለቱ ጠፋ ወይስ ወንበሩ?» ትለኛለች።

ጉዱ የጀመረው ዳሽቦርዱ ላይ ስደርስ ነው። ከለስላሳ ቆርቆሮ ቀጭን ሰሌዳ ቆረጥኩ፣ በተሞረደ የሬዲዮ አንቴና ጫፍ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ዘጠኝ ቀዳዳዎች ተርታውን በሳሁበት፣ ከጀርባው ደግሞ ጥቁር የራጅ ፊልም ለጠፍኩ። ለምን መሰላችሁ፣ የራጅ ፊልምን ጥቁሩን በመርፌ ስትጭሩት ከሥሩ የጠራ ፕላስቲክ ይወጣል፣ ከኋላው ትንሽ አምፖል ስታበሩ የጫራችሁት ቁጥርና ቀስት ቦግ ይላል፣ ልክ እንደ እውነተኛ ጌጅ። ክሊኒካችን ወደ ኮምፒውተር ስለዞረ ስቶር ውስጥ የተከመረው አሮጌ ፊልም ሊጣል ነበርና አስፈቅጄ ጥቂት ወሰድኩ፣ የበሽተኞቹን ስም ከጠርዙ ቆርጬ አቃጠልኩ፣ የሰው ምስጢር ነው። ከመሀላቸው አንዱን ለጥቁረቱ መረጥኩት፣ ከጎን የተነሳ የሰው ራስ ነው፣ ከፊቱ ያለው ባዶ ቦታ እንደ ከሰል የጠቆረ። ከፊልሙ ጠርዝ ጀምሬ ወደ ውስጥ፣ ግንባሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አቁሜ፣ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ አወጣሁ። አጥንት የሚባል ነገር አልነበረባትም፣ ደግሜ እነግራችኋለሁ፣ ጥቁር ብቻ ነበረች። ዘጠኙን ጌጅ ጭሬባት ሰሌዳው ጀርባ በሱፐር ግሉ ሳይሆን በስኮች አጣበቅኳት፣ አምፖሉን አበራሁ፣ በመስታወቱ አጮለቅኩ፣ እውነቴን ነው እንባዬ መጣ።

በሁለተኛው ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ሳበራት በስተቀኝ ዳር ያለችው ጌጅ ጠፍታለች። መብራቷ አይደለም የጠፋው፣ ቁጥሩና ቀስቱ ነው የጠፋው፣ ቀዳዳዋ ሞልታ ነጭ ብርሃን ታወጣለች። ጥቁሩ ለቆ ነው፣ አሮጌ ፊልም አይደል ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ቀን ቀጥላ ያለችው ነጣች። በስድስተኛው ሦስተኛዋ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ሰዓዳና እኔ ምሳ እየበላን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠረጴዛዬ በኩል አንድ ቀጭን፣ ክርርር የሚል፣ ብረት በሲሚንቶ ላይ ቀስ አድርገው ሲጎትቱት የሚሰማ ዓይነት፣ ግን ሩቅ፣ ጣሳ ውስጥ የተከደነ የሚመስል።

«አይጥ ነው» አለች ሰዓዳ።

«አይጥ ብረት ይጎትታል እንዴ?»

«የአንተን ቆርቆሮ እየወሰደ ነዋ፣ አውሮፕላን ሊሠራ።»

ሳቅን። ተነስቼ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ድምፁ ቆመ። አጎንብሼ በመስታወቷ ሳይ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንድ ነጭ ነገር ከቀኝ ወደ ግራ እየመጣ ይመስል ነበር። አልተንቀሳቀሰም፣ እያየሁት አልተንቀሳቀሰም፣ ግን ያለ ጥርጥር ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነበር።

ሰባተኛዋ ጌጅ የነጣች ዕለት፣ ረቡዕ ነው፣ አልቻልኩም። ሰሌዳውን በቢላ ጫፍ አነሳሁ፣ ቁራጯን ላጥኳት፣ በአጉሊ መነጽር አየኋት፣ በጥፍሬ ዳበስኳት። የተጫረ ነገር ጥፍር ይይዛል፣ ይኼ ለስላሳ ነው። ነጩ ቅርጽ አለው፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ዱላ መሳይ፣ ወደ ጫፉ የሚወፍርና የሚድበለበል። በፊልም ላይ እንዲህ ፍጹም ነጭ ሆኖ የሚወጣ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፣ ብረት። ያን ጊዜ የቀረውን ትልቁን ፊልም አምጥቼ ቁራጯን ከቆረጥኩበት ቦታ መለስኳትና መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት።

ብረቱ ወደ ሰውየው ግንባር እየሄደ ነው።

ሰውየው አልኩ እንጂ ሴት ናት። ጆሮዋ ላይ ጉትቻ አለ፣ አገጯ ላይ ስንጥቅ፣ ስሙን ባቃጥለውም ጉትቻውን አወቅሁት፣ ምክንያቱም ራሴ ነኝ ከነጉትቻው ያነሳኋቸው።

ዓመት አልሞላውም። ወደ ስልሳ አምስት የሚጠጉ እናት ፊታቸው አብጦ አንድ ሠላሳውን ያለፈ መልከ መልካም ሰው ደግፏቸው ገቡ። ልጃቸው ጀማል ነው። ካርዳቸው ላይ መዲና ይላል፣ አድራሻቸው ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን አወለቀላቸው፣ ሻሻቸውን አጥፎ ያዘላቸው፣ ወደኔ ዞሮ «ወንድምየ፣ አደራህን ቀስ አድርገህ ያዝልኝ፣ አጥንቷ ቀጭን ነው» አለኝ። ወላሂ፣ ያረብ እንዲህ ያለ ልጅ ስጠኝ ብዬ በልቤ ዱዓ አድርጌያለሁ።

«ምን ሆነው ነው እትየ?»

«ላም ረገጠችኝ።»

«ላም አለችዎት?»

«የጎረቤት ናት» አሉ፣ እኔን ሳይሆን ልጃቸውን እያዩ።

ጉትቻቸው ጆሮአቸው ከማበጡ የተነሳ አልወጣ ስላለ ተውኩት። ጨረር አለ ብዬ ልጁን ወደ ውጭ አስወጣሁት። በሩ ሲዘጋ እትየ መዲና የእጄን አንጓ ያዝ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይኼ ፎቶ የመታኝን ሰው ያሳያል?»

«ኧረ አያሳይም እትየ፣ አጥንት ብቻ ነው የሚያሳየው።»

«አልሀምዱሊላህ!» አሉ፣ ከልባቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ላም አለመሆኗን ያን ጊዜ አውቄያለሁ። አውቄ ፊልሙን አጠብኩ፣ ለሐኪሙ ሰጠሁ፣ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ። ያደረግኩት ይኸው ነው።

እንግዲህ ረቡዕ ከሰዓት መስኮቱ ላይ የዘረጋሁትን ፊልም እያየሁ ቆጠርኩ። በየሁለት ቀኑ አንድ ጌጅ፣ ሁለት ጌጅ ቀርቷል፣ አራት ቀን፣ እሑድ። ሰዓዳን ጠርቼ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ትስቅብኛለች፣ ያን ዕለት አልሳቀችም፣ ፊልሙን በጣቷ ሳትነካው ረጅም ጊዜ አየችና «ይኼን ከቤቴ አውጣልኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ወይም ሴትየዋ ጋ ሂድ» አለች።

ሐሙስ አልሄድኩም። ዓርብ አልሄድኩም። ምን ብዬ ነው የምሄደው? የአንድ እናት በር አንኳኩቼ «ልጅዎ ሊገድልዎት ነው፣ አውሮፕላኔ ነገረችኝ» ልበል? ዓርብ ማታ የስምንተኛዋ ጌጅ ቦታ ነጣ፣ ቅዳሜ ድምፁም እንደ ወትሮው አላቆመም፣ ዙሁርም አስርም ስሰግድ ከጀርባዬ ክርርር ይላል። እሑድ ከምሳ በኋላ ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ሲደፈን፣ ሙቀቱ ከታች ሲቀበለኝ፣ ሁለቴ «ወራጅ» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ኮምቦልቻ ወንዙ አጠገብ ያለች አንዲት ሱቅ ጠየቅኩ። ባለሱቁ የጀማልን ስም ሲሰማ ፊቱ በራ፣ «የጀማል እንግዳ ነህ? ማሻአላህ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን ተካዩ እሱ፣ ቀባሪው እሱ፣ እናቱን ሲይዛት ደግሞ ልጅ ይውጣልህ ያሰኛል» ብሎ እስከ ቆርቆሮው በር ድረስ በጣቱ አሳየኝ።

በሩ ገርበብ ብሏል። እጄን ለማንኳኳት አንስቼ ነው የሰማሁት።

«እማየ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ።» የዚያው ሰው ድምፅ ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ የሰማሁት፣ ረጋ ያለ፣ ትሁት። ከዚያ ድው የሚል ነገር። ከዚያ ደግሞ «ለምንድነው የምታስቸግሪኝ? ቁጭ በይ ብያለሁ እኮ፣ እማየ።» ድው።

ገባሁ። ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ እትየ መዲና ግድግዳው ሥር በግማሽ ተቀምጠዋል፣ አንድ እጃቸው ፊታቸው ላይ፣ ጀማል እላያቸው ላይ ቆሟል፣ በቀኝ እጁ የብረት ዘነዘና ጫፉን ሲሚንቶው ላይ እየጎተተ። ድምፁ፣ ያ ድምፅ፣ ጣሳው ተከፍቶለት። «ጀማል!» ብዬ ጮህኩ። ዞሮ አየኝ፣ አልደነገጠም፣ «አንድ ጊዜ ወንድምየ» አለኝ፣ እንግዳ እንደሚያስጠብቅ ሰው፣ ከዚያ ዘነዘናውን አነሳና እናቱን ግንባራቸው ላይ መታቸው።

እኔ ተጣልቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ትምህርት ቤት እያለሁ እንኳ ሯጭ ነበርኩ። እንዴት እንደደረስኩበት አላውቅም። በጭንቅላቴ ሆዱን መታሁት፣ ሁለታችንም ወደቅን፣ ትከሻዬን ነከሰኝ፣ ሥጋውን ይዞ አለቅም አለ፣ በጥፍሬ ዓይኑን ፈለግኩ፣ ሲለቀኝ ተገላብጦ በላዬ ወጣና ቀኝ እጄን ሲሚንቶው ላይ በተረከዙ ረገጠው፣ አንዴ፣ ከዚያ ዘሎ ሁለተኛ። የመሀል ጣቴና የቀለበት ጣቴ ሲሰበሩ ከድምፁ የትኛው አጥንት የት ላይ እንደሄደ አወቅሁት፣ ሥራዬ ነዋ፣ ያን ሰዓት ያን ማሰቤ ዛሬም ይገርመኛል። ዘነዘናው ከጎኔ ነበር። በግራ እጄ አነሳሁትና ጉልበቱን መታሁት። ጮኸ። ትከሻው ላይ ደገምኩት፣ ሲበጠስ ተሰማኝ፣ ወደቀ፣ በቃው ነበር፣ መነሳት አይችልም ነበር። ሦስተኛውን ለምን እንደመታሁት አላውቅም። አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አራተኛውን ልደግም እጄን እንዳነሳሁ ነው እትየ መዲና የጮኹት።

«የሰው ያለህ! ልጄን ገደለብኝ! ኡኡ! ሌባ ነው!»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ከቀኝ ቅንድባቸው በላይ፣ ልክ ቁራጯ ከግንባሩ በምትገናኝበት ቦታ፣ ተከፍቷል፣ ደሙ አንድ ዓይናቸውን ሸፍኖታል፣ በሌላኛው ዓይናቸው እኔን ያያሉ። አወቁኝ። ማን እንደሆንኩ አውቀውኛል፣ በዚያ እምላለሁ።

«እትየ፣ እኔ እኮ...»

«ይኼ ነው የመታኝ! እኔንም የመታኝ ይኼ ነው!»

ጎረቤቱ ገባ። ምን ያዩ ይመስላችኋል? የማያውቁት ሰው፣ እጁ ላይ ደም የነካው ዘነዘና፣ እግሩ ሥር ደግሞ የሰፈሩ ቀባሪ። ባለሱቁ ነው መጀመሪያ የመታኝ፣ በድንጋይ፣ ጆሮዬ ሥር። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ቀበቶ ነበር፣ አጣና ነበር፣ አንዲት ሴት በነጠላ ጫማ አፌን እየመታች «እናትን! እናትን!» ትላለች፣ እያለቀሰች ነበር። የጎን አጥንቴ ሁለቱ ሄዱ። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ ይኼን የምታነቡት አልነበረም።

ጣቢያ ቃሌን ስሰጥ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ፊልሙን፣ ጌጆቹን፣ ዳኮታዋን። ሳጅኑ ጽፎ ጽፎ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ጫት ትቅማለህ?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን እትየ መዲና ግንባራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ መጡ፣ በአንድ ዓይናቸው ወለሉን እያዩ «የመታኝ ይኼ ልጅ አይደለም፣ ልቀቁት» አሉ።

«ታዲያ ማነው የመታዎት እማማ?» አለ ሳጅኑ።

«ላም ናት።»

«ላሟ ዘነዘና ይዛ ነበር?»

ሻሻቸውን ፋሻው ላይ ሳቡ። ሳጅኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት የእኔን ቃል አንስቶ ያነብላቸው ጀመር፣ አውሮፕላን ምናምን እያለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ፣ እስኪያልቅ ድረስ አፋቸውን ከፈት አድርገው ሰሙ። ጀማል እኔን አልከሰሰም። እኔም እሱን እንዳልከስ ሳጅኑ መከረኝ፣ ተመከርኩ።

ቤት ስገባ ቁራጯ ጥቁር ሆናለች። እንደ ቆረጥኳት ቀን ከሰል፣ የጫርኳቸው ጌጆች እንዳሉ። በስኮች ከትልቁ ፊልም ጋር መልሼ አገጣጥሜ ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ከተትኩት፣ ሰዓዳ ካልተቃጠለ ብትልም እጄ እምቢ አለኝ። ጣቶቼ ታስረው ነበር፣ ዛሬም መሀለኛው አይታጠፍም፣ ወረንጦ አይዝም፣ ዳኮታዋ ዳሽቦርድ የሌላት ሆና ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

ሁለት ወር ሆነ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ፣ ሰዓዳ ከፈተች፣ ከኋላዋ ሳይ እትየ መዲና ናቸው፣ ቤቱን ከክሊኒኩ አጠያይቀው፣ ብቻቸውን፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

«አፉ በለኝ ልጄ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «እናት ስትሆን ታውቀዋለህ ልልህ ነበር፣ እናት አትሆንም። ግን አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ እትየ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ያን ነገር አሳየኝ። ስለኔ ይናገራል ያልከውን።»

ሰዓዳ በዓይኗ አታሳያቸው ትለኛለች። እኔ ግን ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ምን እንዳስከፈተኝ እንጃ፣ ምናልባት ሌላ ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነው። መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ብረቱ ተመልሷል፣ ያው ዘነዘና፣ ከቀኝ ጠርዝ ገብቶ አምስት ጌጅ በልቷል፣ አራት ቀርተውታል።

«እትየ፣ ዛሬውኑ እዚህ ይደሩ» አልኩ። «ወደ ቤት አይመለሱም። እኛ ጋ ይሁኑ። ሰዓዳ፣ አልጋ አንጥፊላቸው...»

እሳቸው አይሰሙኝም። ፊታቸውን ወደ ፊልሙ አስጠግተው፣ በጣታቸው አየር ላይ እየተከተሉት፣ አገጩን፣ ጥርሱን፣ ጆሮውን ያያሉ።

«ይኼ እኔ አይደለሁም» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እትየ፣ እኔው ነኝ ያነሳሁት።»

«ጥርሱን እየው። የታች የፊት ጥርሱን። የተደራረበው፣ አንዱ አንዱ ላይ የወጣው። ሲያወጣው እኔ ነኝ በጣቴ የዳበስኩት፣ አላህ አልደረደረልህም እያልኩ የሳቅኩበት።»

አየሁ። ጉትቻው የለም። የአገጩ ስንጥቅ የለም። አገጩ ወፍራም ነው፣ የወንድ ነው፣ ከታች ሁለት ጥርሶች ተደራርበዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊልም አንብቤያለሁ፣ ያንን ፊልም በእጄ አጥቤዋለሁ፣ እናም የሌላ ሰው ራስ ነበር።

«ስንት ቀን ነበር ያልከው?» አሉኝ።

ሰው ሲጠይቀኝ መመለስ ልማዴ ነው። «አራት ጌጅ፣ በየሁለት ቀኑ... ስምንት ቀን።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

በጣታቸው ቆጠሩ። «ጁምዓ ነው እንግዲህ።» ፊልሙን ራሳቸው ከመስኮቱ አወረዱት፣ በሁለት አጠፉት፣ ሻሻቸው ሥር ከተቱት። አልከለከልኳቸውም።

«እትየ» አለች ሰዓዳ፣ በሩ ላይ መንገዳቸውን ዘግታ። «ይነግሩታል አይደል? እንዲጠነቀቅ ይነግሩታል?»

እትየ መዲና ጉንጯን በመዳፋቸው ዳበሱት። «እናቱ አይደለሁም እንዴ ልጄ?» አሉና ወጡ።

የዚያን ሳምንት እንዴት እንደገፋሁት አትጠይቁኝ። ሳጅኑ ጋ ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ ሳያነሳ ዘጋሁት፣ ምን ብዬ? ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ስወጣ መስጊዱ ደጃፍ ቆሜ ካርዳቸው ላይ የነበረውን ቁጥር መታሁ። የጀማል ስልክ ነበር፣ ያነሱት ግን እሳቸው ናቸው።

«እትየ፣ ኑሩ ነኝ። ደህና ነዎት? ጀማልስ?»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ፣ በሹክሹክታ። «ጀማል ተኝቷል፣ ልጄ። ቀስ ብለህ አውራ።»

ማታ ደወልኩ። ቅዳሜ ደወልኩ። ሰኞ ሰዓዳ ራሷ ደወለች፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላችን አስቀመጠችው። ከወዲያ በኩል ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ቧንቧ የሚንጠባጠብ ዓይነት ነገር ብቻ ይሰማል። እትየ መዲና ድምፃቸው ያረፈ፣ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ድምፅ ነው፣ እንዲህ ሆነው ሰምቻቸው አላውቅም።

«አብሽሩ ልጆቼ» አሉን። «ገና አልተነሳም።»